መልስ፦ ባለ ስድስት እግሩ ሮቦት ጨረቃ ላይ ሲቆፍር ለምን ወደ ኋላ ይንሸራተታል?

ኮድህ ችግር የለበትም። ሲሙሌሽኑ (የኮምፒውተር ማስመሰያው) ላይ ስበቱን ከምድሩ 9.81 ወደ ጨረቃው 1.62 ስታወርደው ሮቦቱ ሲቆፍር መንሸራተቱ ትክክል ነው፤ ጨረቃ ላይም እንደዚያው ነው የሚሆነው።

60 ኪሎ ሮቦት እዚህ ምድር ላይ መሬቱን በ590 ኒውተን ገደማ ይጫናል። እዚያ ግን በ97 ብቻ። ፍሪክሽኑን (የእግሩንና የአፈሩን ሰበቃ) 0.5 ካደረግከው፣ እግሮቹ ሳይንሸራተቱ የሚገፉት ቢበዛ 48 ኒውተን ነው። አካፋህ ከዚያ በላይ እየጠየቀ ነው።

እንዲህ አድርግ፦

1. አካፋውን አውጣና በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከሩ ሁለት የመቆፈሪያ ከበሮዎች ግጠም፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ። ራሶር የተባለው የናሳ ቆፋሪ ሮቦት የሚቆፍረው እንደዚህ ነው፤ የአንዱ ግፊት የሌላውን ያጠፋዋል።

2. እርምጃውን በ2.5 እጥፍ ገደማ አዘግየው። ክብደቱ ቢቀንስም መጠነ ቁሱ ያው ስለሆነ በድሮው ፍጥነት ከሄደ ይዘላል።

3. ደልዳላ ቦታ ላይ በከንቱ አታራምደው። አትሌት የተባለው የናሳ ሮቦት ስድስቱም እግሮቹ ጫፍ ላይ ጎማ ነበረው፤ መንገዱ ሲከፋ ጎማውን ቆልፎ ይራመዳል።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። እውነተኛውን ሞዴል ስትሠራ መገጣጠሚያዎቹን ቀድመህ ሸፍን። እኔ የጨረቃ አፈር ይመስላል ብዬ የሲሚንቶ ዱቄት ላይ ያራመድኩት ሮቦት፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው የጉልበቱ ሰርቮ ሞተር ማቃሰት ጀመረ። ስከፍተው የማርሽ ጥርሶቹ በሙሉ ግራጫ ሆነዋል። በኋላ የሕፃን ካልሲ ቆርጬ በላስቲክ አሰርኩለት። ያስቃል፣ ግን ሠርቷል። የጨረቃው አቧራ ደግሞ የሚያለዝበው ነፋስም ውሃም ስለሌለ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሰላ ነው።