የታሪፍ ሪፈንዱ (ሚመለሰው ብር) ለማን ነው ሚደርሰው? ለሱቅ ባለቤቶችም ለገዢዎችም

ሰላም ወገኖች፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2026 በትራምፕ ታሪፍ (ከውጭ በሚገባ እቃ ላይ በጣሉት ቀረጥ) ላይ ከፈረደ ወዲህ አንድ ጥያቄ ነው ሚደጋገምብኝ፣ "ታሪፉ ህገወጥ ነው ተብሏል፣ ብሩ ሊመለስ ነው፣ ለኛስ ምን ይደርሰናል?" ሚጠይቁኝ ባለሱቆችም ናቸው፣ ኮስቱመሮችም ናቸው፣ ከሀገር ቤት ፖስታ ሲመጣላቸው ቀረጥ የከፈሉ እናቶችም አሉበት። እዚህ አሜሪካ ከሀገር ቤት እቃ በማስመጣት ስራ ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሲወራ የምሰማው ግማሹ ልክ አይደለም፣ በዚህ ወሬ መሀል ደግሞ ሰው ብሩን እያጣ ነው።

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልበለው። ብሩ ሚመለሰው ኪሱ ለተጎዳው ሰው አይደለም፣ በጉምሩክ ወረቀቱ ላይ አስመጪ ተብሎ ስሙ ለተጻፈው ነው። ኢምፖርተር ኦፍ ሪከርድ ሚሉት እሱን ነው። መንግስት ሚያውቀው እሱን ብቻ ነው፣ አንተ ሱቅ ገብተህ ሁለት ዶላር ጨምረህ በርበሬ መግዛትህን ጉምሩክ ሚያውቅበት መንገድ የለም።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ትራምፕ በ2025 አይኢፓ በሚባለው የ1977 የአስቸኳይ ጊዜ የኢኮኖሚ ህግ ተጠቅመው ከሞላ ጎደል በሁሉም ሀገር እቃ ላይ ታሪፍ ጣሉ፣ ኢትዮጵያም ከኤፕሪል 5 ጀምሮ 10 በመቶው ደረሳት። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2026 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ይሄ ህግ ታሪፍ ለመጣል ስልጣን አይሰጥም ብሎ ወሰነ። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ብቻ በዚህ ህግ የተሰበሰበው ከ130 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ግን ልብ በሉ፣ የብረት፣ የአሉሚኒየምና የመኪናው ታሪፍ በሌላ ህግ ነው የተጣለው፣ ከ2025 በፊት በቻይና እቃ ላይ የተጣለውም እንደዛው፣ እነሱ በዚህ ፍርድ አይመለሱም። በዛ ላይ ፍርዱ በወጣ በቀናት ውስጥ ሴክሽን 122 በሚባል ሌላ ህግ ለ150 ቀን ሚቆይ አዲስ 10 በመቶ ተጣለ። ስለዚህ ፍርዱ በወጣ ማግስት የሱቅ ዋጋ አልወረደም ብላችሁ አትገረሙ፣ ነጋዴው የድሮው ብር ገና እጁ ሳይገባ አዲሱን መክፈል ጀምሮ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር ልምጣ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሀበሻ ማርኬት ያላት አንዲት እህታችን ደወለችልኝና "ጋሼ ስንት ነው ሚመለስልኝ" አለችኝ፣ ተስፋዋ ትልቅ ነበር። ኢንቮይሶችሽን አምጪያቸው አልኳትና አብረን አየናቸው። በርበሬውንም ሽሮውንም ቡናውንም ምትገዛው ከዲስትሪቢዩተር (ከጅምላ አከፋፋይ) ነው፣ ኮንቴይነሩ የገባው በሱ ስም ነው፣ እሷ ጉምሩክ ጋር ስሟም የለም። ግን ከእያንዳንዱ ኢንቮይስ ግርጌ "ታሪፍ ሰርቻርጅ" (የታሪፍ ተጨማሪ ክፍያ) ተብሎ ለብቻው የተጻፈ ሂሳብ አለ፣ ያንን ወራቱን ሙሉ ስትከፍል ኖራለች። ሪፈንዱ ሲመጣ ዲስትሪቢዩተሩ ኪስ ነው ሚገባው፣ እሷም ከሱ ካልጠየቀች ዝም ብሎ እዛው ይቀራል።

ስለዚህ ሱቅ፣ ሬስቶራንት፣ ካፌ ያላችሁ ምክሬ ይሄ ነው፣ ኢንቮይሶቻችሁን ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ አውጡና ታሪፍ ተብሎ ለብቻው የተጻፈውን ደምሩት፣ ከዛ ለዲስትሪቢዩተራችሁ በጽሁፍ (በቃል አይሆንም፣ በኢሜይል) ይሄን ያህል በታሪፍ ስም ከፍለናችኋል፣ ሪፈንዱ ሲመጣ ድርሻችንን እንጠብቃለን በሉት። በውላችሁ ላይ ካልተጻፈ በቀር እንዲከፍላችሁ በቀጥታ ሚያስገድደው ህግ የለም፣ ግን በታሪፍ ስም ለይቶ ያስከፈላችሁ ሰው ታሪፉ ሲመለስለት "አይመለከታችሁም" ለማለት ይከብደዋል፣ ደንበኛ ማጣትም አይፈልግም። ካሽ እንኳ ባይሰጣችሁ ከሚቀጥለው ኦርደር ላይ እንዲቀንስላችሁ ጠይቁት፣ ለሱም ይቀለዋል። ሰርቻርጁ ለብቻው ሳይጻፍ ዋጋው ላይ ተቀላቅሎ የተጨመረ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማስመለሱ ከባድ ነው፣ ለወደፊቱ ዋጋ ለመደራደሪያ ተጠቀሙበት።

በራሳችሁ ስም ምታስመጡ ደግሞ፣ የሀበሻ ቀሚስ በሉት ቡና በሉት፣ ከብሮከራችሁ (ጉምሩክ ከሚጨርስላችሁ ሰው) 7501 ሚባለውን የጉምሩክ ፎርም ለእያንዳንዱ ጭነት ተቀበሉ። እዛ ላይ 9903.01 ብሎ በሚጀምር ቁጥር የተያዘችው የ10 በመቶ መስመር ናት የአይኢፓዋ። ከሷ ጎን ያለው መደበኛ ቀረጥ አይነካም። የጥጥ ቀሚስ ከሆነ ከ8 በመቶ በላይ መደበኛ ቀረጥ አለው፣ እሱን ምንከፍለው ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ከአጎዋ (የአፍሪካ እቃ ያለቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ህግ) ስለወጣች ነው፣ አንዳንዱ ሁለቱን ደምሮ "ሙሉው ይመለስልኛል" እያለ ነው፣ አይመለስም። ሌላው ጉምሩክ ሪፈንድ ሚከፍለው በቼክ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ኤስ (ACE) በሚባለው የጉምሩክ ሲስተም ላይ አካውንት ከፍታችሁ ባንካችሁን አስገቡ። ቀኑንም ተከታተሉ፣ አንድ ጭነት አብዛኛውን ጊዜ በ314 ቀን አካባቢ ሂሳቡ ሊኩዊዴት ሆኖ ይዘጋል፣ ከተዘጋ በኋላ ፕሮቴስት (መቃወሚያ) ለማስገባት 180 ቀን ነው ያላችሁ፣ ሰው በቸልታ ሚከስረው እዚች ጋር ነው። ትልቁ የችርቻሮ መደብር ኮስትኮ እንኳን ያን ሁሉ ጠበቃ ይዞ ቀኑ እንዳያልፍበት ፈርቶ ገና ዋናው ፍርድ ሳይወጣ በ2025 ኖቬምበር ከሷል።

ገዢዎችስ? እዚህ ጋ በሀሳቤ ምትናደዱ ትኖራላችሁ። ሰዉ "ታሪፉን የከፈልነው እኛ ነን፣ ለኛ ይመለስ" ይላል፣ በመርህ ደረጃ እኔም እስማማለሁ፣ ታሪፍን የውጭ ሀገር ይከፍለዋል ሚባለው ውሸት ነው፣ አስመጪው ከፍሎ የቻለውን ያህል ወደ ገዢው ያሻግረዋል። ግን ስንት ተሻገረ ሚለው ከእቃ እቃ ይለያያል። ቡናን እንይ። ጥሬ ቡና በፓውንድ 4 ዶላር ገባ እንበል፣ 10 በመቶው 40 ሳንቲም ነው። ከአንድ ፓውንድ ሃያ ምናምን ስኒ ይወጣል፣ ስለዚህ በስኒ ሁለት ሳንቲም አካባቢ ማለት ነው። ካፌው ማኪያቶ ላይ 50 ሳንቲም ከጨመረ የኢትዮጵያ ቡና ታሪፍ አይደለም ያስጨመረው፣ የአለም ገበያ ዋጋ በ2025 መጀመሪያ ሪከርድ ሰብሮ ነበር፣ ብራዚል ላይ ደግሞ 50 በመቶ ተጥሎ ነበር፣ የቤት ኪራዩና የሰራተኛው ደሞዝም አለ። በዛ ላይ ቡና ከኖቬምበር አጋማሽ 2025 ጀምሮ ከታሪፉ ነፃ ወጥቷል፣ ማኪያቶው ግን ሲወርድ አላየሁም። እንጀራም እንደዛው፣ እዚሁ አይዳሆ በበቀለ ጤፍ የተጋገረ እንጀራ ላይ "በታሪፍ ምክንያት" ብሎ ዋጋ የጨመረ ካለ ምክንያቱን በደንብ ጠይቁት።

ሚያንገበግበኝ ነገር አሜሪካ ይሄንን ጉዳይ ከዚህ በፊት አይታው ታውቃለች። በ1936 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የእርሻ ምርት ማቀነባበሪያ ላይ ተጥሎ የነበረውን ታክስ ሲሽር ኮንግረሱ ዝም አላለም፣ ታክሱን ወደ ገዢው እንዳላሻገርክ ካላረጋገጥክ ሪፈንድ የለህም አለ፣ አሻግረህ ያተረፍክ ደግሞ ከትርፉ 80 በመቶ ትከፍላለህ ሚል ህግ አወጣ። አውሮፓ ያላችሁም የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1983 ተመሳሳይ ነገር ብሏል፣ ነጋዴው ሸክሙን ወደ ሌላ ካሻገረ መንግስት ሪፈንዱን መከልከል ይችላል። ለአይኢፓ ታሪፍ ግን እንዲህ አይነት ማጣሪያ አልተበጀለትም። ትልልቆቹ ዋጋ ጨምረው ሸጠው ሪፈንዱንም ሊወስዱ ነው፣ ይሄ ልክ አይደለም፣ ድምፅ ያላችሁ ለኮንግረስ ተወካያችሁ ጻፉ። ትንሹን የኛን ነጋዴ ግን ከነሱ ጋር አንድ ላይ አትክሰሱት፣ "ኮስቱመሬ ያውቀኛል፣ አፍራለሁ" ብሎ ዋጋ ሳይጨምር ከራሱ ትርፍ የከፈለ ብዙ አለ፣ ለሱ ሪፈንዱ ሙሉ በሙሉ ይገባዋል። ደረሰኙ ላይ ታሪፍ ብሎ ለይቶ ያስከፈለ ነጋዴ ግን ያንን ብር ለገዢው መመለስ አለበት ብዬ አምናለሁ፣ ህግ ባያስገድደውም።

ከሀገር ቤት እቃ ተልኮላችሁ ቀረጥ የከፈላችሁ ደግሞ ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ ያላችሁ እናንተ ናችሁ፣ በቀጥታ ስለከፈላችሁ። ከኦገስት 29 ቀን 2025 በፊት ከ800 ዶላር በታች የሆነ እቃ በነፃ ይገባ ነበር፣ ከዛ ቀረ፣ ከፍርዱ በኋላም አልተመለሰም (ከ100 ዶላር በታች የሆነ እውነተኛ ስጦታ ግን ነፃ ነው፣ ላኪው በደንብ ስጦታ ብሎ ይጻፍበት)። እቃው በኩሪየር (እንደ ፌዴክስ ባለ አድራሽ ድርጅት) መጥቶ ከሆነ የላኩላችሁን ቢል ፈልጉ፣ ዲዩቲ (ቀረጡ) ሚለውና የብሮከሬጅ ሰርቪስ (የጉምሩክ ማስጨረሻ ክፍያው) ሚለው ተለይተው ነው ሚጻፉት፣ ተስፋ ያለው የመጀመሪያው ላይ ነው። ፌዴክስ ሪፈንድ ካገኘ ለከፈሉት ላኪዎችና ደንበኞች እንደሚመልስ በይፋ ተናግሯል፣ ሌሎቹንም ደውላችሁ በመከታተያ ቁጥሩ ጠይቁ።

በመጨረሻ፣ "ክሌማችሁን (ሪፈንድ የመጠየቅ መብታችሁን) ሽጡልን፣ አሁኑኑ ካሽ እንሰጣችኋለን" ሚሉ ገዢዎች አሉ፣ ስራው ህጋዊ ነው ግን ከዶላሩ ላይ የተወሰነ ሳንቲም ነው ሚሰጧችሁ፣ ብር በጣም ካልቸገራችሁ አትቸኩሉ፣ ለአካውንታንታችሁ ሳታሳዩ አትፈርሙ፣ ሪፈንዱ ሲመጣ የራሱ የታክስ ጣጣ ስላለው እሱንም አብራችሁ ጠይቁት። "የ2,000 ዶላር የታሪፍ ቼክ ደርሶዎታል፣ ሊንኩን ይንኩ" ሚል ቴክስት ከመጣላችሁ ግን ሌባ ነው። ትራምፕ በኖቬምበር 2025 ከታሪፍ ገቢ ለሰው 2,000 ዶላር ስለመስጠት ማውራታቸው እውነት ነው፣ ከፍርድ ቤቱ ሪፈንድ ጋር ግን ግንኙነት የለውም፣ ጉምሩክም ለገዢ ቴክስት ልኮ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አይጠይቅም። እናቶቻችን ስልክ ላይ ይሄ መልእክት እየገባ ስለሆነ ዛሬውኑ ደውላችሁ ንገሯቸው።