መጀመሪያ የወረደው ማን ነው? ስለ ኤክስትሪም ስፖርት በዊኪ ላይ መጻፍን የሚመለከቱ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ማንም ሰው ሊጽፍባቸውና ሊያርማቸው በሚችል የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀቶች፣ ማለትም በዊኪዎች ላይ፣ አደጋ ስላዘሉ ስፖርቶች መጻፍን የሚመለከቱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የምኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በአንድ ዊኪ ላይ በዓባይ ወንዝ ስለሚደረግ ራፍቲንግ፣ ማለትም በጎማ ጀልባ ፈጣን ውኃ ስለ መውረድ፣ በአማርኛ መጣጥፍ ጀምሬ ነበር። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገሬ «ዓባይን ከምንጩ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ለመጀመሪያ ጊዜ የወረዱት ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ናቸው» ይላል። ብዙም ሳይቆይ ሌላ አርታኢ ስማቸውን ሰርዞ ዓባይን መጀመሪያ የወረዱት እንግሊዞች መሆናቸውን ጻፈ። እኔ ያነበብኩት ጽሑፍ ግን በግልጽ የሚናገረው ስለ ሁለቱ ሰዎች ነው። ልክ የሆነው ማን ነው? የራሴን መልሼ ባስገባስ?

መልስ፦ እንደነበረ መልሰው አያስገቡት፤ የሰረዘብዎት ሰው የጻፈውም እንዳለ መቆየት የለበትም። ሁለታችሁም ያነበባችሁት እውነት ነው፤ ነገር ግን የጻፋችሁት ስለ አንድ ጉዞ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥያቄ የተሰባሰበና ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን የመራው፣ 60 ያህል የብሪታንያና የኢትዮጵያ ወታደሮችና ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን፣ ከጣና ሐይቅ ተነሥቶ እስከ ሱዳን ድንበር አቅራቢያ ድረስ ወንዙን ወርዷል። አርታኢው ያሰበው ይህንን ነው። እርስዎ የጠቀሷቸው ጂኦሎጂስቱ ስካቱሮና ካያክ የተባለችው ጠባብ ጀልባ ቀዛፊ ብራውን ደግሞ ሰከላ ከሚገኘው የግሽ ዓባይ ምንጭ ጀምረው፣ 5,230 ኪሎ ሜትር ያህል በ114 ቀናት ተጉዘው፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1996 ዓ.ም. እስክንድርያ ላይ ከባሕሩ ደርሰዋል። ይሁንና አብዛኛውን መንገድ በጀልባ ሞተር መታገዝ ግድ ሆኖባቸው ነበር። ዘጠኝ ወር ያህል ቆይቶ፣ ጥር 21 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ካናዳዊው ሌስ ጂክሊንግና የኒውዚላንዱ ማርክ ታነር ያለ ሞተር፣ በክንዳቸው ብቻ እየቀዘፉ ከዚያው ባሕር ደረሱ። እንግዲህ በአንድ ወንዝ ላይ ሦስት «የመጀመሪያ» ጉዞዎች አሉ፤ አንዱም ሌላውን አይሽረውም።

በኤክስትሪም ስፖርት ጽሑፎች ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያጣላው ይህ ጉዳይ ነው። ቀዳሚነት ሲነገር ከየት እስከ የት፣ በምን ዓይነት መሣሪያ፣ በማን ምዝገባ የሚሉት አብረው ካልተነገሩ ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት ባይሆንም አንባቢን ያሳስታል። ስለዚህ እንዲህ ቢጽፉት እመክራለሁ፦ «በጽሑፍ ከተመዘገቡት ጉዞዎች መካከል ዓባይን ከምንጩ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር በመውረድ ስካቱሮና ብራውን ቀዳሚዎቹ ሲሆኑ፣ አብዛኛውን መንገድ የተጓዙት በሞተር እየታገዙ ነው፤ በሰው ጉልበት ብቻ የተደረገው የመጀመሪያው ጉዞ በ1997 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የጂክሊንግና የታነር ነው።» የ1968ቱን ቡድን ከዚህ አስቀድመው፣ የጉዞውን መነሻና መድረሻ ጠቅሰው ያስቀምጡት። ከማስገባትዎ በፊት ግን በመጣጥፉ የውይይት ገጽ ላይ ለአርታኢው በስም ጠርተው ይጻፉለት። እያንዳንዱ ለውጥ በገጹ ታሪክ ውስጥ ተመዝግቦ ስለሚቀር የጻፉት ነገር የትም አይጠፋም፤ መቸኮል አያስፈልግም።

መጣጥፍዎን በጉጉት የምጠብቀው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ስለ 1968ቱ ጉዞ በእንግሊዝኛ የዊኪ ገጾች ላይ የመሪው ስም ይገኛል፤ አብረውት የወረዱት ኢትዮጵያውያን ግን «ኢትዮጵያውያን ወታደሮች» ከመባል አልፈው በስም አይጠሩም። ይህንን ጉድለት ሊሞላ የሚችለው አማርኛ የሚያነብ ጸሐፊ ነው። ጉዞው የተካሄደው በነሐሴና በመስከረም ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር 1960 ዓ.ም. አብቅቶ 1961 ዓ.ም. ሲጀምር ላይ ይውላል፤ የእነዚያን ወራት የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ቅጾች በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ጠይቀው ያገላብጡ። አንድ ስም እንኳ ከነጋዜጣው ቀንና ገጽ ቢያገኙ፣ ከእንግሊዝኛ ከሚተረጎም ሙሉ ገጽ ይልቅ ለመዝገበ ዕውቀቱ የሚጠቅመው እሱ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩንም ነገር አደራ እላለሁ። ጸሐፊዎች ከእንግሊዝኛ ምንጭ የወሰዱትን ዓመት «ዓ.ም.» ብለው ሲያስቀምጡት ጉዞው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይዘገያል፤ ከዚያ ሌላው ይገለብጠዋል፣ ስሕተቱም ሥር ይሰዳል። በመጀመሪያው አጠቃቀስ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፉ።

በመጨረሻም ወንዙ ራሱ ተለውጧል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በላይ ያለው ሸለቆ ዛሬ የንጋት ሐይቅ ነው፤ የቀድሞ ተጓዦች ስለዚያ አካባቢ የጻፉት የውኃ ፍጥነትና የድንጋይ አደጋ ለዛሬ ቀዛፊ አይሠራም። በጢስ ዓባይ በኩልም ለኃይል ማመንጫ ውኃ መጠለፉ ፍሰቱን ለውጦታል። የወንዞች አስቸጋሪነት በዓለም አቀፉ መለኪያ ከ1 እስከ 6 ባለ ደረጃ ይገለጻል፤ ነገር ግን በጥር በቀላሉ የሚታለፍ ቦታ በነሐሴ ሙላት ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ደረጃውን ሲጠቅሱ ወሩንና ዓመቱን ሳይጽፉ አይለፉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የምጠይቀው ለአጻጻፍ ውበት ብዬ አይደለም፤ ገጽዎን አንብቦ ጀልባ የሚያወርድ ሰው ሊኖር ስለሚችል ነው።

ጥያቄ፦ ደባርቅ ውስጥ ተራራ አስጎብኚ ነኝ። የራስ ዳሸን ከፍታ አንድ ቦታ 4,620፣ ሌላ ቦታ 4,550፣ ሌላ ቦታ ደግሞ 4,533 ሜትር ተብሎ ተጽፏል። ጫፉ ላይ ደጋግሜ በጂፒኤስ የለካሁትን በዊኪፔዲያ ላይ ብጽፍ ሰረዙብኝ። ተራራውን በፎቶግራፍ ብቻ ከሚያውቅ ሰው ይልቅ የእኔ ቃል እንዴት አይታመንም?

መልስ፦ ቅሬታዎ ይገባኛል፤ ተራራውን ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ አርታኢ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሆኖም ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲመሠረት ጀምሮ የተገነባው ጸሐፊው ማን እንደሆነ ማንም እንደማያውቅ ታስቦ ነው። እርስዎ እውነተኛ አስጎብኚ መሆንዎን ሌላው አርታኢ የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም፤ ሐሰተኛ ቁጥር የሚያስገባ ሰውም «እኔ ለክቼዋለሁ» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ መመሪያው ቀደም ሲል በታመነ ቦታ የታተመን ነገር እንጂ የጸሐፊውን የራስ ምርምር አይቀበልም። ለሦስቱ ቁጥሮች የሚበጀው አንዱን መርጦ ሌሎቹን መደበቅ ሳይሆን እያንዳንዱን ከነምንጩና ከነዘመኑ ማስቀመጥ ነው፤ 4,620 በቀደሙት መጻሕፍትና ካርታዎች ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ዝቅ ያሉት ሁለቱ የኋላ ዘመን ናቸው።

የእርስዎ ዕውቀት ግን ቦታ አላጣም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ የተባለው የጋራ ካርታ የሚፈልገው በቦታው ተገኝቶ የተመዘገበን መረጃ ነው፤ የሄዱበትን የእግር መንገድ፣ ምንጩን፣ ድንኳን የሚተከልበትን ሜዳ፣ በክረምት የማይሻገሩትን ወንዝ በጂፒኤስ መዝግበው ሊጭኑበት ይችላሉ። ዊኪቮያጅ የተባለው የጉዞ መመሪያም በራስ ልምድ የተገኘ ምክር ይቀበላል። ሦስቱም በብዙ ሰዎች የጋራ ሥራ የሚገነቡ ቢሆኑም ለየቅል የሆነ ዕውቀት ይፈልጋሉ። የብዙ ባለሙያ ልፋት የሚሰረዘው ጽሑፉ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ቦታውን ስቶ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ራስ ዳሸንን እ.ኤ.አ. በ1841 ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት ፈረንሳዊ መኮንኖች «ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡት» የሚል ጽሑፍ ካጋጠመዎት ያርሙት። በዚያ ተራራ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከብት የሚያግዱ ሰዎች ይኖራሉ፤ ማንም ጫፉን አልረገጠም ብሎ ለመጻፍ የሚያበቃ ማስረጃ የለም። «በጽሑፍ የተመዘገበ የመጀመሪያው የአውሮፓውያን መውጣት» ቢባል ግን ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ ከሕዋ ጫፍ በፓራሹት ስለዘለለው ፌሊክስ ባውምጋርትነር ያለውን የእንግሊዝኛ ገጽ በኮምፒዩተር አስተርጉሜ በአማርኛ ባስገባ ችግር አለው? ከየጋዜጣው የሰበሰብኳቸው ፎቶግራፎችም አሉኝ።

መልስ፦ መተርጎም ይፈቀዳል፤ የዊኪፔዲያ ጽሑፍ ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባል ነጻ ፈቃድ ስለሚወጣ ከየትኛው ገጽ እንደተረጎሙ በለውጡ ማጠቃለያ ላይ ከጠቀሱ በቂ ነው። በኮምፒዩተር የተተረጎመውን ግን ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር አንብበው እንደገና ሳይጽፉት አያስገቡት። የአማርኛ ገጹ እርማት የሚያደርጉለት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ እርስዎ ያሳለፉት ስሕተት ለብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ባውምጋርትነርን በተመለከተ ሦስት ነገር ይፈትሹ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በኒው ሜክሲኮ ሰማይ ላይ በዘለለ ዕለት የተዘገበው ከፍታ 39,045 ሜትር፣ ፍጥነቱም በሰዓት 1,342.8 ኪሎ ሜትር ነበር። መረጃው ተመርምሮ ከጸደቀ በኋላ ከፍታው ወደ 38,969 ሜትር ዝቅ፣ ፍጥነቱ ወደ 1,357.6 ከፍ ብሏል፤ የዕለቱን ጋዜጣ የያዘ ሰው ጊዜያዊውን ቁጥር ነው የሚጽፈው። ሁለተኛ፣ የከፍታው ክብረ ወሰን የእሱ አይደለም፤ አለን ዩስታስ የተባለ አሜሪካዊ ጥቅምት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ከ41,419 ሜትር ዘልሎ ወስዶበታል። ነገር ግን ዩስታስ ሚዛኑን የምትጠብቅለት ትንሽ ፓራሹት ከኋላው ዘርግቶ ስለወረደ የፍጥነቱ ክብረ ወሰን ከባውምጋርትነር ጋር ቀርቷል። ሦስተኛ፣ ባውምጋርትነር ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ጣልያን ውስጥ በፓራግላይዲንግ፣ ማለትም በጨርቅ ክንፍ፣ ሲበር በደረሰበት አደጋ ሕይወቱ አልፏል፤ የሚተረጉሙት ገጽ ከዚያ በፊት የተቀዳ ከሆነ በሕይወት እንዳለ ሰው ይጽፉታል።

ፎቶግራፎቹን ይተዉዋቸው። ጋዜጣው ወይም ፎቶግራፍ አንሺው በነጻ ፈቃድ ካልለቀቃቸው በስተቀር መጫን የሌላውን ንብረት መውሰድ ነው፤ ዊኪሚዲያ ኮመንስ ውስጥ ፈቃድ ያላቸውን ፈልገው ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ የገደል መውጫ ገመድ አስተሳሰር በቅደም ተከተል ጽፌ ነበር፤ «ይህ የአሠራር መመሪያ ነው» ተብሎ ተነሣ። ሰው ቢማርበት ምን ክፋት አለው?

መልስ፦ ዊኪፔዲያ «እንዲህ አድርግ» የሚል መመሪያ አያስተናግድም፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ ከመመሪያው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ማንም በማንኛውም ሰዓት ሊለውጠው በሚችል ገጽ ላይ የተቀመጠን የቋጠሮ ቅደም ተከተል አንድ ጀማሪ አምኖ ገደል ላይ ሊንጠለጠልበት ይችላል፤ በማለዳ ልክ የነበረው ደረጃ ከሰዓት በኋላ በአላዋቂ ተቀይሮ ቢጠብቀው ተጠያቂ የሚሆን የለም። ቋጠሮው ለምን እንደሚመረጥ፣ ገመዱ ጭነቱን እንዴት እንደሚያከፋፍል፣ በምን ሁኔታ እንደሚላላና ከየት እንደመጣ ይጻፉ፤ ይህ ሁሉ መዝገበ ዕውቀት የሚፈልገው ነው። አስተሳሰሩን ግን አሠልጣኝ አጠገብ ቆሞ፣ የተማሪው እጅ ገመዱ ላይ እያለ ያስተምር።