የእጅ ሥራ ስንገዛ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከከተማው ዳርቻ የመጡት ደብዳቤዎች ስለ ባዛር ናቸው።

አንዲት እህት ከለገጣፎ «የእጅ ሥራ ነው» ተብላ ነጠላ ገዝታለች፤ አሁን ተጠራጠረች።

ማጉን፣ ማለትም በአግድም የሚገባውን ክር፣ እዪው። በእንዝርት የተፈተለ ከሆነ ወፈር ቀጠን ይላል። ድሩ፣ በቁመት የተዘረጋው፣ የፋብሪካ ክር ቢሆን አትደንግጪ፤ አብዛኛው ሸማኔ የሚጠቀመው እሱን ነው። ከጫፉ አንድ ክር መዘሽ አቃጥዪ። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ቀልጦ ከተጠቀለለ ጥጥ አይደለም።

«በማሽን ልጠበው?» ላልሽው፦ አይሆንም። በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ።

አንድ ወንድማችን ከሱሉልታ ደግሞ ከአንዲት የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ጀበና በግማሽ ዋጋ አስቀንሶ ገዛ። ባለቤቱ ተቀየመችው። «ገበያ አይደል እንዴ?» ይላል።

ገበያ ነው። ግን ባለቤትህ እውነት አላት። አፈሩ ተቆፍሮ በሸክም ይመጣል። ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይቦካል። አንገቷም እጀታዋም በጣት ነው የሚወጡት። ደርቃ፣ ለስልሳ፣ በሜዳ እሳት ትቃጠላለች። እሳት ላይ የተሰነጠቀችው ኪሳራ የሴትዮዋ ነው። ክረምት ሲገባ ሸክላው አይደርቅም፣ ማገዶውም ይረጥባል።

ሌላም አለ። ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» እያልን የሸሸን ሰዎች ነን። በጀበናዋ ቡና እየጠጣን፣ በምጣዷ እየጋገርን፣ ከእሷ ጋር ማዕድ አንቀርብም ነበር። ያ ንቀት ዛሬ ዋጋው ውስጥ ተደብቋል እላለሁ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ለፋብሪካ ስኒ የተለጠፈውን ዝም ብለን እንከፍላለን። እሷ ፊት ስንደርስ ዓይናችንን በጨው ታጥበን እንከራከራለን። አትከራከር አልልህም። መጀመሪያ ግን «ስንት ቀን ፈጀብሽ?» በላት፤ ከዚያ ዋጋ ጥራ። ቀጨኔ ሩቅ አይደለም። ሄደህ ቀሪውን ስጣት።

ከሰበታ የጻፉልን አባት፣ ባዛር ላይ ሥዕል ያለበት የቆየ ብራና አይተዋል፤ ገዝተው ውጭ አገር ላለች ልጃቸው ሊልኩላት አስበዋል።

አባቴ፣ እባክዎ ገንዘብዎን አያውጡ! አዲስ ሥራ ከሆነ ደግ። የቆየ ከሆነ ግን ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ባለሙያዎች ሳያዩት አይክፈሉ፣ አይላኩ። ሻጩ «ችግር የለውም» ቢልዎትም አይመኑ።

የመጨረሻዋ ጠያቂ፣ አዲሱ የአንገት ልብስ አሳክኳታል። አጥበሽ ልበሺው። ካልተወሽ ሐኪም ይይልሽ።