ለጠባብ የመጋዘን መተላለፊያ የሚሆን ፎርክሊፍት

ጠያቂያችን፣ በመደርደሪያዎች መካከል 2.8 ሜትር መተላለፊያ ባለው መጋዘንዎ ውስጥ 2.5 ቶን የሚያነሳው የዲዝል ፎርክሊፍት (ከፊቱ ባሉ ሁለት የብረት ሹካዎች ዕቃ የሚያነሳ ማሽን) መዞር እንዳቃተውና ዕቃ እስከ 7 ሜትር ከፍታ መደርደር እንደሚፈልጉ ገልጸው፣ ምን ዓይነት ማሽን እንደሚሻል ጠይቀዋል። ለዓመታት በመጋዘን ሥራ ላይ ስለቆየሁ የማውቀውን እጽፋለሁ።

አስቀድመው 2.8 ሜትሩ ከየት እስከ የት እንደተለካ ያጣሩ። ፓሌት፣ ማለትም ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት መደብ፣ ከመደርደሪያው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ የሚያገለግለው ልኬት ከብረት እስከ ብረት ያለው ሳይሆን ፊት ለፊት በተቀመጡ ሁለት ዕቃዎች መካከል ያለው ነው፤ በዚህ ብቻ 20 ሴንቲ ሜትር ሊቀንስ ይችላል።

የዲዝሉ ማሽን የጭነቱን ሚዛን የሚጠብቀው ከኋላው ባለው ከባድ ብረት ስለሆነ አካሉ ይረዝማል፤ ከነጭነቱ ለመዞርም ወደ 4 ሜትር ይፈልጋል። ሪች ትራክ የሚባለው ዓይነት ፎርክሊፍት ግን እግሮቹን ከፊት ዘርግቶ ማስቱን (ሹካው የሚወጣበትንና የሚወርድበትን ቋሚ ምሰሶ) በመካከላቸው ወደፊትና ወደኋላ ስለሚያንሸራትት፣ ዕቃውን ወደ ራሱ ስቦ ይዞራል፤ እንደ ሞዴሉና እንደ ፓሌቱ መጠን ከ2.7 እስከ 3 ሜትር ይበቃዋል። ለእርስዎ በመጀመሪያ የማስበው እሱን ነው። ሆኖም ትንንሽና ጠንካራ ጎማዎቹ ለለስላሳ ወለል የተሠሩ በመሆናቸው ጠጠር ወዳለበት ግቢ አይወጣም።

ዳግም ሲለካ ስፋቱ ከ2.7 ሜትር በታች ከሆነ፣ ፊቱ ከነሹካው ወደ ግራና ቀኝ የሚታጠፈው ዓይነት በ2 ሜትር አካባቢ ይሠራል፤ ግቢ ወጥቶ መኪና ማራገፍም ስለሚችል የሁለት ማሽን ሥራ ይሸፍናል። ግዢውን ከመወሰንዎ በፊት ግን መለዋወጫና ጠጋኝ በቅርብ መኖሩን ያረጋግጡ።

ማሽኑ ሳይዞር ሹካው ብቻ ወደ ሁለቱም ጎን የሚዞርለት ዓይነትም አለ፤ ከ1.6 እስከ 1.8 ሜትር ይበቃዋል። ይህን ያለ ደልዳላ ወለል የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያባክናል እላለሁ። በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል 1.2 ሜትር ቢኖርና አንዱ ጎማ ከሌላው በ5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢል፣ 7 ሜትር ላይ ያለው ሹካ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ጎን ያዘነብላል። በዚያ ላይ በመተላለፊያው ግራና ቀኝ የሚመራው ሃዲድ ወይም ወለል ውስጥ የሚቀበር ሽቦ ያስፈልገዋል። የተሰነጠቀና ወጣ ገባ የሆነ ሲሚንቶ ላይ አይታሰብም።

በማሽኑ ሰሌዳ ላይ ትልቅ ሆኖ የተጻፈውን የማንሳት አቅም ብቻ አይመኑ፤ ሹካው ከፍ ባለ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። የፓሌትዎ ጥልቀት 1.2 ሜትር ከሆነ የክብደቱ መሃል ከሹካው ሥር 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላል፤ ስለዚህ ሻጩ በዚህ ርቀት፣ በ7 ሜትር ከፍታ ማሽኑ ስንት ኪሎ እንደሚያነሳ በጽሑፍ ይስጥዎት። የኤሌክትሪክ ማሽን የሚገዙ ከሆነም፣ የእርሳስ ባትሪ ሙሉ ለሙሉ ለመሙላት 8 ሰዓት ያህል ስለሚወስድና በሚሞላበት ጊዜ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ አየር የሚዘዋወርበት ቦታና መብራት በሚጠፋበት ጊዜ የሚተካ ጄኔሬተር ከወዲሁ ያዘጋጁ።