መልስ፦ ሄይቲ ለፈረንሳይ ካሳ የከፈለችው ለምንድን ነው?

«ባሮቹ አሸንፈው ነጻ ከወጡ ለተሸናፊው ካሳ ለምን ከፈሉ?» ላልከው፣ በመድፍ ስለተገደዱ ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት የነበረችው ሄይቲ፣ ባሮቿ አምፀው ካሸነፉ በኋላ፣ በ1804 ነጻነቷን አወጀች። በ1825 ግን የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 10ኛ 14 የጦር መርከቦች በዋና ከተማዋ ፖርቶፕሪንስ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ዕውቅና የምታገኘው ለቀድሞዎቹ ባለርስቶች 150 ሚሊዮን ፍራንክ በ5 ዙር ከከፈለች ብቻ ነበር። በዚያ ላይ በፈረንሳይ መርከቦች ላይ የሚጣለው ቀረጥ በግማሽ እንዲቀነስ ታዘዘ፤ ዕዳው ሊከፈልበት የሚችለው ዋናው ገቢ ራሱ ተሸረፈ ማለት ነው።

ነገሩ ገና በመጀመሪያው ዙር ተበላሸ። 30 ሚሊዮኑ በእጅ ስላልነበረ ከፓሪስ ተበደሩ። አበዳሪዎቹ 6 ሚሊዮኑን አስቀድመው ቆርጠው 24 ብቻ ሰጡ፣ ዕዳው የተመዘገበው ግን በ30 ነው። «ድርብ ዕዳ» የሚባለው ይኸው ነው፤ ካሳው አንድ፣ ለካሳው የተወሰደው ብድር ሌላ። በ1838 ጠቅላላ ካሳው ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም፣ መንግሥት ገንዘቡን የሚሰበስበው በአብዛኛው ወደ ውጭ ከሚላከው ቡና ቀረጥ ስለነበር ሸክሙ የወደቀው በገበሬው ላይ ነው። «ነጻ ወጡ እንጂ አገር መምራት አቃታቸው» የሚሉ ሰዎች ይህን ሂሳብ ሲጠቅሱት አይሰማም። ከካሳው ጋር የተያያዘው የመጨረሻ ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ1947 ሲሆን፣ ያኔ ገንዘቡን የሚቀበለው አሜሪካዊ ባንክ ሆኖ ነበር።