ለእኅቷ የምትወልድ ሴት በሕግ ፊት ማን ናት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ አዘዞ የምኖር የ33 ዓመት መምህርት ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጄን ስገላገል ደም አልቆም ብሎኝ፣ ሕይወቴን ለማትረፍ ሲባል ማኅፀኔ ወጥቷል፤ ልጄም አልተረፈልኝም። ባለቤቴ አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም፤ ይሁን እንጂ ልጅ ሳልታቀፍ መኖር ከብዶኛል። ሁለት ልጆች ያሏት ታናሽ እኅቴ «የእናንተን ጽንስ እኔ ተሸክሜ ልውለድላችሁ» ብላኛለች፤ ባሏም እስካሁን አልተቃወመም። ሕክምናው ይቻላልን? የሚወለደው ልጅ የማን ይሆናል? ውል ብንጽፍስ ይጠቅመናል? እናቴ ደግሞ ነገሩን ከሰማች ጀምሮ «ኃጢአት ነው» እያለች ታለቅሳለች።

መልስ፦ እኅታችን፣ ከሁሉ አስቀድመው የቀዶ ሕክምናዎን ማስረጃ ከታከሙበት ሆስፒታል ያውጡ። ማኅፀን ብቻ ወጥቶ እንቁላል የሚያመርቱት ኦቫሪዎች በቦታቸው ከቀሩ፣ የወር አበባ ቢቀርም እንቁላል መመረቱ ይቀጥላል፤ ይህ ከሆነ እንቁላልዎ በመርፌ ተወስዶ ከባለቤትዎ ዘር ጋር በቤተ ሙከራ ተዋሕዶ፣ የተገኘው ጽንስ በሌላ ሴት ማኅፀን ሊቀመጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያዋ ሕፃን በአይ ቪ ኤፍ (በቤተ ሙከራ ጽንስ በማስገኘት ሕክምና) ከተወለደች ወዲህ ሕክምናው በብዙ አገር ተለምዷል፤ በእኛም አገር የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅን ጨምሮ በአዲስ አበባ ይሰጣል። የመሳካት ዕድሉን በአብዛኛው የሚወስነው የእንቁላሉ ባለቤት ዕድሜ ነው፤ ከ35 ዓመት በኋላ እየቀነሰ፣ ከ40 በኋላ ደግሞ በፍጥነት እየወረደ ስለሚሄድ፣ ምርመራውን ለዓመታት ማቆየት አይገባም።

ሐኪም ሊያደርገው የሚችለው ሁሉ ግን ሕግ የፈቀደው አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ በሕክምና የታገዘ መውለድን ከሕጋዊ ጋብቻ ጋር ያያይዘዋል። እናንተ ግን ወደ ሕክምናው ይዛችሁ የምትቀርቡት ሦስተኛ ሰው ነው፤ ስለዚህ አንድ ብር ከመክፈላችሁ በፊት አዋጁን ከሕግ ባለሙያ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ እንለፍ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 124 እናትነት የሚታወቀው ሴትየዋ ልጁን በመውለዷ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ክልላችንም የራሱ የቤተሰብ ሕግ ቢኖረውም በዚህ ነጥብ ከፌዴራሉ አይለይም። እንቁላሉ የእርስዎ መሆኑን የዲ ኤን ኤ ምርመራ ቢያረጋግጥም፣ በሕግ ዓይን እናቲቱ የወለደችው እኅትዎ ናት። ብዙዎች ልብ የማይሉት ግን ቀጥሎ ያለውን ነው፤ በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው እንደሆነ ሕግ ስለሚገምት፣ የባለቤትዎ ዘር የሆነው ልጅ በመዝገብ የእኅትዎ ባል ልጅ ሆኖ ይጀምራል ማለት ነው። «እስካሁን አልተቃወመም» ያሉት ሰው፣ ሳይፈልገው የልጁ ሕጋዊ አባት ሊሆን ነው። ዝም ማለቱን እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት፤ ይህንን ሁሉ አስረድታችሁት ቃሉን ከራሱ አንደበት ስሙ።

እንግዲህ ልጁ በሕግ የእርስዎ የሚሆነው በጉዲፈቻ በኩል ነው። ለዚህም እኅትዎና ባሏ ሁለቱም መስማማት፣ ፍርድ ቤትም የልጁን ጥቅም መርምሮ ውሉን ማጽደቅ አለባቸው፤ ጉዲፈቻ አድራጊ ሊኖረው የሚገባውን የ25 ዓመት ዕድሜ እርስዎ አልፈዋል። ሕጉ ገና በማኅፀን ያለን ጽንስ እንኳ በጉዲፈቻ መቀበልን ይፈቅዳል፤ ይሁን እንጂ እናቲቱ ልጁ ከተወለደ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ በራሷ ፈቃድ ብቻ ልታፈርሰው ትችላለች። ይህ ለእርስዎ የሚያስጨንቅ ድንጋጌ እንደሆነ እናውቃለን። በእኛ እምነት ግን ተገቢ ነው፤ ዘጠኝ ወር የተሸከመችና ያማጠች ሴት፣ ከማርገዟ በፊት በፈረመችው ወረቀት ብቻ ሕፃኑን ከእቅፏ ልትነጠቅ አይገባም።

ውሉም ከዚሁ አንጻር ይታያል። «ስትወልድ ታስረክባለች» የሚል ቃል ብትጽፉ፣ ፍርድ ቤት አስገድዶ ያስፈጽምልናል ብላችሁ አትጠብቁ። በሌላውም ዓለም ዳኞች በዚህ ጉዳይ አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ1988 የኒው ጀርዚ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በገንዘብ የተደረገ እንዲህ ያለ ውል ፈራሽ ነው ሲል፣ የካሊፎርኒያው ደግሞ በ1993 ልጁን ለማሳደግ አስቀድማ ያሰበችውን የእንቁላሉን ባለቤት እናት አድርጎ ወስኗል፤ እንግሊዝ የወለደችውን እናት ብላ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወላጅነቱን ታስተላልፋለች፤ ደቡብ አፍሪካ ግን ጽንሱ ማኅፀን ከመግባቱ በፊት ስምምነቱን ፍርድ ቤት እንዲያጸድቀው ታዝዛለች። ከእነዚህ ሁሉ የደቡብ አፍሪካው መንገድ ይሻላል እንላለን፤ ጠብ ከመነሣቱ በፊት ዳኛ የሴትየዋን ፈቃደኝነት ይጠይቃልና። ይህ ሁሉ ሲባል ጽሑፍ አያስፈልጋችሁም ማለት አይደለም። የሕክምናና የመጓጓዣ ወጪው በማን እንደሚሸፈን፣ እኅትዎ በእርግዝናው ብትታመም ልጆቿን ማን እንደሚይዝላት፣ መንታ ቢፀነስ ወይም ጽንሱ ጉድለት ቢኖረው ምን እንደምታደርጉ፣ እናንተ ባልና ሚስት ብትፋቱ ወይም አንዳችሁ ብትሞቱ የሕፃኑ ነገር ምን እንደሚሆን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ወረቀቱ ባያስገድድም፣ በኋላ «እንዲህ አላልንም» መባባልን ያስቀራል።

የእኅትዎ ጤናም ተራ ጉዳይ አይደለም። በሌላ ሴት እንቁላል በተገኘ እርግዝና የደም ግፊት የመነሣት ዕድል ከተለመደው እርግዝና ይበልጣል፤ ስለዚህ ያለፉት ወሊዶቿ በሰላም ወይም በቀዶ ሕክምና መሆናቸው ይጣራ፣ የሚቀመጠውም ጽንስ አንድ ብቻ እንዲሆን ጠይቁ። ደግሞም እናንተ በሌላችሁበት፣ ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ ሐኪም ወይም አማካሪ ለብቻዋ ያነጋግራት። በእኛ አገር ታናሽ እኅት ታላቋ እያለቀሰች «እምቢ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብዳት ሁላችንም እናውቃለን።

እናትዎን በተመለከተ፣ የሃይማኖት ፍርድ የዚህ ዓምድ ሥልጣን ስላልሆነ ከንስሐ አባትዎ ጋር ተወያዩ። ሽማግሌዎች የሣራንና የአጋርን ታሪክ ይጠቅሱላችሁ ይሆናል፤ ታሪኩን ያነበበ ሰው ግን አጋር ፈቃዷን ስለመጠየቋ አንድም ቃል አያገኝበትም፤ ፍጻሜውም ስደት ነበር። ለሙስሊም አንባቢዎቻችን፣ የእስልምና ትብብር ድርጅት የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 በአማን ባደረገው ጉባኤ፣ በባልና ሚስት መካከል ብቻ የሚደረገውን የቤተ ሙከራ ጽንስ ፈቅዶ፣ የሌላ ሴት ማኅፀን የሚገባበትን መከልከሉን እንጠቁማለን።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። «እኅትሽ በአንቺ ስም ካርድ አውጥታ ትውለድ፤ ማንም አያውቅም» የሚል ምክር ከመጣ አትቀበሉ። ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ለክብር መዝገብ ሹም የሐሰት መረጃ መስጠትም ያስቀጣል። ከዚህም ሌላ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅ መብት እንዳለው ይናገራል፤ ዘመድ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ልጁ አድጎ በሠርግ ቤት ወሬ ከሚሰማው፣ ከእናንተ ከትንሽነቱ ጀምሮ ቢሰማው ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ከአክስቴ ጋር እኖራለሁ፤ አላገባሁም፣ አልወለድኩም። አንድ ደላላ ጆርጂያ ወደሚባል አገር ሄጄ ለውጭ ባልና ሚስት ልጅ ወልጄ እንድመለስ፣ በቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር ብሄድ በዓመታት የማላገኘው ገንዘብ እንደሚከፈለኝ ነግሮኛል። ወንጀል ነውን?

መልስ፦ እኅታችን፣ ጆርጂያ በገንዘብ ለሌላ መውለድን ለዓመታት የፈቀደች አገር መሆኗ እውነት ነው፤ በዚያ ሕግ ግን የወለድሽው ልጅ ወላጆች ጽንሱን ያስቀመጡት ባልና ሚስት ናቸው፤ አንቺ በልጁ ላይ አንዳች መብት የለሽም። ይህን ደላላው አልነገረሽ ይሆናል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ በገንዘብ የሚደረገውን ከልክላ ያለ ክፍያ የሚደረገውን ብቻ አስቀርታለች። ታይላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ለውጭ ዜጎች ዘግታዋለች፤ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አንዲት ታይላንዳዊት ለአውስትራሊያውያን ባልና ሚስት መንታ ወልዳ፣ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሕፃን እሷ ዘንድ መቅረቱ ዓለምን አነጋግሮ ነበር።

ሴቷን ወንጀለኛ የሚያደርግ ነገር በጽሑፍሽ ውስጥ አላየንም። የሚያሳስበን የደላላው ሥራ ነው። በማታለል ወይም ችግርሽን መጠቀሚያ በማድረግ ለብዝበዛ የሚያጓጉዝ ሰው በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 መሠረት በሰው በመነገድ ሊከሰስ ይችላል፤ አንቺ «እሺ» ማለትሽም ከተጠያቂነት አያድነውም። ከሁሉም በላይ ገና ያልወለደች ሴት ለዚህ መመረጧ ራሱ ጥርጣሬ ሊያሳድርብሽ ይገባል፤ ጥንቃቄ ያላቸው ሐኪሞች ቢያንስ አንድ ልጅ በሰላም የወለደች ሴትን ነው የሚቀበሉት፤ የመጀመሪያ እርግዝና እንዴት እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና። ብትደሚ፣ ማኅፀንሽ ቢጎዳ፣ በማታውቂው ቋንቋ ማንን ትጠይቂያለሽ? ፓስፖርትሽን ለማንም አትስጪ፤ የደላላውን ስልክ ቁጥርና መልእክቶቹን ሳታጠፊ ለፖሊስ አመልክቺ።

ጥያቄ፦ ልጄ ባለፈው ዓመት ዐረፈ። ከባለቤቱ ጋር ውጭ አገር ሲታከሙ የተገኘ ጽንስ በበረዶ ተቀምጧል። ምራቴ አሁን ልታረግዘው ትፈልጋለች። ልጁ ቢወለድ አባቱን ይወርሳልን?

መልስ፦ እናታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ስለ ውርስ የሚደነግገው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ በቤተ ሙከራ የተፀነሰ ሕፃን በዓለም ላይ ገና አልነበረም። ሕጉ ወራሽ የሚያደርገው ሟች በሞተ ጊዜ የተወለደውን ወይም የተፀነሰውን ነው፤ የመፀነሻውንም ጊዜ ከልደት ቀን ወደ ኋላ 300 ቀን ቆጥሮ ይገምታል። ልጅዎ ካረፈ ከዚህ የበለጠ ጊዜ አልፎ የሚወለድ ሕፃን፣ በዚህ ቁጥር ከአባቱ ሞት በኋላ እንደተፀነሰ ስለሚቆጠር፣ ሌሎች ወራሾች ከተቃወሙ መብቱን ማስከበር ይቸገራል። ጋብቻ በሞት ስለሚፈርስም፣ በአገር ውስጥ ሕክምናውን የሚሰጥ ተቋም ሊያቅማማ ይችላል። በእጅዎ ያለው መፍትሔ የራስዎ ንብረት ነው፤ ሕፃኑ በሕይወት ከተወለደ በኋላ ድርሻውን በስጦታ ወይም በራስዎ ኑዛዜ በስሙ ሊያደርጉለት ይችላሉ፤ ኑዛዜውንም በአራት ምስክሮች ፊት አድርገው፣ ተነቦ እንዲፈረም ያድርጉ።