«ኮምፒውተሩ ሲመጣ ሕመምተኛው ራቀኝ» እና ሌሎች የነርሶች ጥያቄዎች

ስለ ጤናና ነርሲንግ ኢንፎርማቲክስ የምትጠይቁት ካለ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ከጎጃም ናቸው። አገሬም፣ በማዋለጃ ክፍል የሠራሁበትም ስለሆነ ችግራችሁን ሳነብ ፊታችሁ ሁሉ ይታየኝ ነበር። ለአምስቱ ዛሬ እመልሳለሁ።

«በነርስነት ረዥም ዘመን አገልግያለሁ። አሁን ዋርዳችን ኮምፒውተር ገብቶ ‹ኢንፎርማቲክስ› የሚሉት ሥልጠና ተሰጠን። ወጣቶቹ ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ሕመምተኛው ከኋላቸው ያቃስታል። ይህ ነገር ከነርስነት ጋር ምን አገናኘው? በዚህ ዕድሜዬስ ልማረው?» (ሲስተር፣ ከደብረ ማርቆስ)

እታለም፣ ቅሬታዎ እውነት አለው። ለሕመምተኛ ጀርባውን የሰጠ ነርስ በወረቀት ቢጽፍም በኮምፒውተር ቢጽፍም ያው ጀርባውን ሰጥቷል። ኢንፎርማቲክስ የሚሉት ሙያ ግን ከሕመምተኛው የምንሰበስበውን እንዴት እንደምንመዘግብ፣ እንዴት እንደምናቀናጅና ለውሳኔ እንደምናውለው ያጠናል። ይህን ደግሞ ነርሶች ኮምፒውተር ሳይታሰብ ጀምረውታል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከክራይሚያ ጦርነት ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ1858 ያወጣችው ሥዕላዊ መግለጫ፣ ወታደሩን ከቁስል ይልቅ የጨረሰው መከላከል ይቻል የነበረ በሽታ መሆኑን ለእንግሊዝ ሹማምንት ቁልጭ አድርጎ ያሳየ ነው። ሙያው ስም አግኝቶ የቆመው ዘግይቶ ነው። ጁዲት ግሬቭስና ሺላ ኮርኮራን የተባሉ አሜሪካውያን ነርሶች እ.ኤ.አ. በ1989 ከዳታ ወደ መረጃ፣ ከመረጃ ወደ ዕውቀት የሚወስደውን መንገድ አስቀመጡ፤ በ1992 ደግሞ የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር ራሱን የቻለ የነርሲንግ ዘርፍ ብሎ ተቀበለው። በኋላ የመጡት ከዕውቀት ላይ ማስተዋልን ጨመሩበት።

ይህ በቃል ሲባል ደረቅ ነው፤ አንዲት አራስ ላሳይዎ። ልጇን በሰላም ተገላግላ ተኝታለች። 8 ሰዓት ላይ ፐልሷ (የልብ ምቷ) 88፣ ቢፒዋ (የደም ግፊቷ) 110/70። ከሩብ ሰዓት በኋላ 96 እና 105/65። 8 ተኩል ላይ 108 እና 100/60። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ያየ ሰው ሐኪም ለመጥራት አይቸኩልም፤ «ምጡ አድክሟት ነው» ብሎ ያልፋል። አሁን ፐልሱን ለላይኛው ቢፒ ያካፍሉት። መጀመሪያ 0.8፣ ቀጥሎ 0.91፣ ከዚያ 1.08 ይመጣል። ሾክ ኢንዴክስ የሚባለው ይህ ነው። ከወሊድ በኋላ 0.9 ከደረሰ ደም እየፈሰሳት ይሆን ብሎ መጠርጠር ይገባል። 88 ብቻውን ዳታ ነው። ሦስቱ ልኬቶች በአንድ መስመር ተሰልፈው ፐልሱ ሲወጣ ቢፒው ሲወርድ ሲታይ መረጃ ሆነ። ቢፒ ክፉኛ ከመውደቁ በፊት ፐልስ እንደሚፈጥን ማወቅ ዕውቀት ነው። ፓዷን ገልጦ ማየት፣ ማሕፀኗ መጨበጡን በእጅ መዳበስ፣ ማሕፀን የሚያስጨብጠውን መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲኑን፣ እያዘጋጁ ሐኪሙን ማስጠራት ደግሞ የእርስዎ የቆየ ማስተዋል ነው።

ኮምፒውተሩ ማካፈሉንና መስመር መሳሉን ይችልበታል፤ ከልኩ ሲያልፍም ቀይ ያበራል። የሚያካፍለው ግን እኛ የሰጠነውን ነው። እስቲ የፈለጉትን ዋርድ የቪታል ሳይን (የፐልስ፣ የቢፒ፣ የሙቀትና የአተነፋፈስ) ወረቀት ይግለጡ፤ ሰው ሁሉ በደቂቃ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። የሳንባ ምች ያለበትም 20፣ እግሩ የተሰበረውም 20፣ ነገ የሚወጣውም 20። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆሞ ደረት የሚቆጥር ጠፍቶ ነው። ሕመምተኛ ሲባባስ ቀድመው ከሚዛቡት ምልክቶች አንዱ አተነፋፈስ ነው፤ እኛ ደግሞ እሱኑ መርጠን እንገምታለን! ያ ግምት ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ይብሱን ይከበራል፤ ታይፕ ሆኗላ።

ስለዚህ ይማሩት። ወጣቶቹ የቱን ቁልፍ እንደሚጫኑ ያውቃሉ፤ እርስዎ የትኛው ቁጥር እንደሚዋሽ ያውቃሉ። ለዋርድ ሥራ የሚበቃዎትን ከእነሱ አጠገብ ተቀምጠው ያገኙታል። በዲግሪ ደረጃ መግፋት የሚሻ ካለ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ኢንፎርማቲክስ ትምህርት ይሰጣል።

«ሕመምተኛ ሲመጣ ስሙን ኮምፒውተር ላይ ፈልጌ አጣዋለሁ፤ አዲስ ካርድ ይወጣለታል። አንዱ ሰው 2 እና 3 ካርድ ይዞ ይገኛል። ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ነው?» (ነርስ፣ ከቡሬ)

ወንድሜ፣ የሁለታችሁም ነው። ለማሽኑ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ሁለት ሴቶች ናቸው። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ሦስት ወንዶች ናቸው። በላቲን ፊደል የሚመዘገብ ከሆነ ደግሞ ፀሐይን አንዱ በ«ቲ» ሲጀምራት ሌላው በ«ኤስ» ይጀምራታል። ከገጠር የመጣች እናት የቤት ስሟን ትነግርሃለች፤ ባሏ ከኋላ ሌላ ስም ያርማል። ዕድሜ በግምት ስለሚነገር መዝገባችን በ30፣ በ35 እና በ40 ዓመት ሰዎች ተሞልቷል፤ 37 ዓመት የሆነው ሰው እንደ ብርቅ ይታያል።

ለዚህ ነው ፍለጋ በስም የማይጀመረው። የካርድ ቁጥሯን ጠይቅ፤ የቀጠሮ ወረቀቷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ይሆናል፣ አስፈትተህ እይ። ከሌለ የአባትና የአያት ስም፣ ቀበሌና ጎጥ። ስልክ የምትሰጥህ የልጇን ወይም የጎረቤቷን ሊሆን ስለሚችል የማን እንደሆነ አብረህ ጻፍ። ሁለት ካርድ ካገኘህ አንዱን ዝም ብለህ አትተው፤ ካርድ ክፍል እንዲያዋህደው አሳውቅ። ፔኒሲሊን እንደማይስማማት የተጻፈው ባላገኘኸው ካርድ ላይ ሊሆን ይችላል። ሰን ከሠ፣ ሀን ከሐ ሳይለይ የሚፈልግ ፕሮግራም መሥራት ለባለሙያው ከባድ ሥራ አይደለም። ችግሩ፣ ሲስተሙ ሲሠራ ከዋርድ የተጠራ ነርስ አለመኖሩ ነው፤ ይህን በየስብሰባው ሳልታክት እናገራለሁ።

አንተ ያልጠየቅኸውን ሰዓትንም ልጨምርልህ። አምፒሲሊን በየ6 ሰዓቱ የታዘዘለት ልጅ አለ እንበል። ቀትር ላይ ሰጠህና በእኛ ቆጠራ «6:00» ብለህ አስገባህ። ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት የሚሄድ ከሆነ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ እንደሰጠህ ይቆጥረዋል፤ ቀጣዩ ዶዝ በእሱ አቆጣጠር 12:00፣ ማለትም አሁኑኑ ነው። ከምሳ በኋላ ተራ የተቀበለችው ነርስ ስክሪኑ ላይ «ሰዓቱ አልፏል» የሚል ታያለች፣ ልጁም ድጋሚ ይወጋል። ዋርዳችሁ በአንድ ሰዓት ይስማማና የተስማማችሁበት ከግድግዳው ሰዓት ሥር ይለጠፍ።

«በየወሩ ከመዝገብና ከታሊ ሺት (በጭረት ከምንቆጥርበት ቅጽ) ሪፖርት እንለቅማለን። ወሩ ለምን ከ21 እስከ 20 ይሆናል? የት እንደሚሄድስ?» (አዋላጅ ነርስ፣ ከሞጣ)

በ20 የሚዘጋው የወሩ ሪፖርት ተጠናቅሮ በጊዜ እንዲደርስ ነው። ቁጥሩ ዲ ኤች አይ ኤስ 2 በሚባለው የጤና መረጃ ሲስተም ገብቶ ወረዳውም፣ ዞኑም፣ ክልሉም፣ ጤና ሚኒስቴርም ያየዋል። ሲስተሙ መሠረቱ ከአፓርታይድ በኋላ በደቡብ አፍሪካ ተጥሎ በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ነው፤ የእኛን የዘመን አቆጣጠርም ያውቃል። አንድ ነገር ልብ በዪ። የመስከረም ሪፖርት ከነሐሴ 21 ስለሚጀምር ጳጉሜን በውስጡ ይዞ 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል። በመስከረም ወላድ በዛ ተብሎ የሚጻፍ ትንታኔ ካየሽ መጀመሪያ ቀኖቹን ቁጠሪ።

ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት ከቁጥሮቹ 12ቱ በዕጣ ተመርጠው ከመዝገቡ ጋር የሚመሳከሩበት አሠራር አለ። እውነት ከተሠራበት ጥሩ ነው። ከመዝገቡ ይልቅ ሪፖርቱን አይቶ መዝገቡን «የሚያስተካክል» ሰው ያለበት ቦታ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ የምለውን ታውቂዋለሽ።

የእኔ ጠብ ሌላ ነው። ሪፖርቱ እንደ ድሮ ግብር ይወጣል እንጂ አይመለስም። ልመልሰው ካልሽ ማንንም አትጠብቂ። የጤና መረጃ ባለሙያችሁን የክፍልሽን ያለፉት ወራት ቁጥር በግራፍ እንዲያወጣልሽ ጠይቂ፦ ስንት ወለዱ፣ ስንቱ ደም ፈሰሳቸው፣ ስንቱ ሪፈር ተባሉ። የማዋለጃው ግድግዳ ላይ ለጥፊውና በጠዋት ርክክብ ላይ ተነጋገሩበት። ደም የፈሰሳቸው በማታ ዲውቲ ከበዙ፣ ማታ ማን እንደሚገባና ኦክሲቶሲኑ የት እንደሚቀመጥ ትጠይቂያለሽ። የወሩን አፈጻጸም የሚገመግመው ኮሚቴ ሲሰበሰብም ያንኑ ግራፍ ይዘሽ ግቢ።

«ስፔሻሊስት ለማማከር የሕመምተኛ ካርድና ኤክስሬይ ፎቶ አንስተን በቴሌግራም እንልካለን። ፓስዋርድም የምንጠቀመው የአንድ ሰው ነው። ነውር አለው?» (ነርስ፣ ከዳንግላ)

አለው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ ይመድበዋል። ሕጉንም ተወው፣ ዳንግላ ላይ ማን ማንን አያውቅም? በሐሙስ የተላከ የኤች አይ ቪ ውጤት ቅዳሜ ገበያ ላይ ሊወራ ይችላል። ማማከር ሕይወት ያድናልና አትተዉት፤ ግን ሕመምተኛውን አስፈቅዱ። ስሙ፣ የካርድ ቁጥሩና ፊቱ ፎቶው ውስጥ አይግቡ። ለግሩፕ ሳይሆን ለአንድ ሐኪም ይላክ፣ መልሱ ካርዱ ላይ ይጻፍ፣ ፎቶውም ከስልክህ ጋለሪ ይጥፋ፤ ማታ ቤት ልጆችህ ናቸው ስልኩን የሚይዙት።

የፓስዋርዱ ነገር ይብሳል። ማን ምን እንዳስገባ ሲስተሙ በስም ይይዛል። በሲስተር ፓስዋርድ ገብተህ የመዘገብከው መድኃኒት ቢያስጠይቅ የምትጠየቀው እሷ ናት፣ ያውም ዕረፍት ላይ ሆና።

«መብራት ሲጠፋስ?» (ነርስ፣ ከፍኖተ ሰላም)

ስክሪኑ ላይ ያለውን ቅጽ የሚመስል ባዶ ወረቀት በየዋርዱ በአንድ ፋይል ይቀመጥ፤ የት እንዳለ የማታ ተረኛም ትወቅ። የተሰጠው ሁሉ ወዲያው እዚያ ላይ ከሰዓቱና ከፊርማ ጋር ይጻፍ። መብራት ሲመጣ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ሰው በስም ይመደብ፤ «ማንም ያስገባው» ከተባለ ማንም አያስገባውም። ሲገባም ሰዓቱ መድኃኒቱ የተሰጠበት ይሁን። አለዚያ መብራት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጠፍቶ ንጋት ላይ ቢመጣ፣ ሌሊቱን የተሰጠው መርፌ ሁሉ ንጋት ላይ የተሰጠ ሆኖ ይመዘገብና የጠዋቱ ዶዝ ይዛነፋል። ወረቀቱም ገብቷል ተብሎ አይጣል፤ ከካርዱ ጋር ይያያዝ።